ነዳጅ መኪና ከታገደ ወዲህ፦ ፖሊሲው መኪናውን አመጣ፣ መብራቱንስ ማን ያምጣው?

ባለ ቪትዝ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ቤተሰብ። ይህን ጉዳይ በየታክሲውና በየካፌው ስንጨቃጨቅበት ቆይተናል። እስቲ እዚህ ረጋ ብለን እናውራው።

ከጥር 2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ቆሟል። ያኔ ትራንስፖርት ሚኒስትሩ የሰጡት ምክንያት ግልጽ ነበር። ሀገሪቱ በዓመት ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር ለነዳጅ ታወጣለች፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ደግሞ ተሽከርካሪ ነው የሚያቃጥለው። ዶላር የለም፣ ውሃ ግን አለ። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ብዙ ሰው "እኛ ከመቼ ወዲህ ነው ለካርቦን የተጨነቅነው" እያለ ያሾፋል። ለካርቦን ብሎ የጀመረ ሀገር ግን የቱ ነው? ዴንማርክን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1973 የዓረብ አገሮች ነዳጅ ሲይዙባቸው ከ90 ከመቶ በላይ ኃይላቸው በነዳጅ ላይ የተንጠለጠለ ነበር፣ እሁድ እሁድ መኪና መንዳት እስከመከልከል ደርሰዋል። ከዚያ መንግሥት የነፋስ ተርባይን ለሚተክል ሰው ከወጪው 30 ከመቶውን ከፈለ። የተርባይን መፈተሻ ጣቢያ አቋቋመ። የሰፈር ሰው በማኅበር እየተደራጀ ተርባይን ገዛ። የእርሻ መሣሪያ ትሠራ የነበረችው ቬስታስ ወደ ተርባይን ዞረች፣ ዛሬ የት እንደደረሰች ታውቃላችሁ። ይህ ሁሉ ሲጀመር ስለ ምድር ሙቀት የሚያወራ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ በዶላር እጦት መጀመራችን አያሳፍርም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እነሱ ከክልከላው ቀጥለው የሠሩትን ሥራ እኛ እየሠራነው ነው ወይ? ቪትዜን ሸጬ ኤሌክትሪክ ልግባ ወይስ ልጠብቅ የሚለውም አለበት፣ አልዋሽም።

ትራንስፎርመር

ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ኤሌክትሪሻን ነኝ፣ ውሎዬ ቆጣሪና መስመር ላይ ነው። ከእኔ ወገን የሚታየውን ልናገር፦ ችግሩ ማመንጨት አይደለም።

ሒሳቡን እንሥራው። መንግሥት እንደሚለው ወደ 100,000 የኤሌክትሪክ መኪና አለ እንበል። አንዱ በዓመት 12,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድና በ100 ኪሎ ሜትር 16 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢበላ፣ ሁሉም ተደምሮ በዓመት 192 ጊጋ ዋት ሰዓት ይመጣል። ህዳሴ ብቻውን በዓመት ወደ 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት እንዲያመነጭ ነው የተነደፈው። መኪናው ሁሉ ተሰብስቦ የህዳሴን 1 ከመቶ ትንሽ ቢያልፍ ነው።

የማይችለው ሰፈራችን ነው። አንድ የቤት ቻርጀር 7 ኪሎ ዋት ይስባል፣ ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ባንዴ ማለት ነው። ምጣዱ ግን ጋገራው ሲያልቅ ይነቀላል፣ መኪናው ሌሊቱን ተሰክቶ ያድራል። ሰው ደግሞ የሚሰካው ከሥራ ሲገባ ማታ 1 ሰዓት ገደማ ነው፣ ራት የሚሠራበት፣ ቴሌቪዥን የሚበራበት፣ መስመሩ ከቀኑ ሁሉ በላይ የሚጨናነቅበት ሰዓት። የብዙ ሰፈር ትራንስፎርመር ሲተከል የታሰበው ለአምፖልና ለምድጃ ነበር። ከዚያ ቪላው ፈረሰ፣ ቦታው ላይ ባለ አምስት ፎቅ ቆመ፣ ትራንስፎርመሩ ግን ያው ነው።

ግድብ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል። ትራንስፎርመር ሲቀየር ግን ማንም ካሜራ ይዞ አይመጣም።

ባለ ቪትዝ

@ትራንስፎርመር የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው 😂

ኦስሎ ነኝ

ኖርዌይ ከገባሁ ቆየሁ። ሁሌ "ኖርዌይ ቻለች፣ እኛም እንችላለን" ሲባል እሰማለሁ። ታሪኩ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፣ አስቂኝ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 የአካባቢ ጥበቃ ታጋዩ ፍሬደሪክ ሃውገ እና የአ-ሃ ባንድ ልጆች፣ ያው ታዋቂዎቹ ዘፋኞች፣ አንዲት ወደ ኤሌክትሪክ የተቀየረች ፊያት ፓንዳ ይዘው መጡ። በየመንገድ ክፍያ ጣቢያው "ለማትበክል መኪና አንከፍልም" እያሉ ያልፋሉ። ቅጣት ይመጣል፣ አይከፍሉም። መኪናዋ ትያዛለች፣ ለጨረታ ትወጣለች፣ ራሳቸው መልሰው ይገዟታል። ደግመው ያልፋሉ። ጋዜጣው ሁሉ ይህን ጻፈ። በቀጣዩ ዓመት መንግሥት ለኤሌክትሪክ መኪና የማስመጫ ቀረጡን አነሳ። በኋላ የመንገድ ክፍያ ነፃ ሆነ፣ ቫት ቀረ፣ በአውቶቡስ መስመር መንዳት ተፈቀደ።

አሁን ልብ በሉ። ያኔ የተፈለገው የሀገር ውስጥ መኪና አምራች እንዲያድግ ነበር። ቲንክ የሚባል ኩባንያ ነበራቸው፣ ትንንሽ የፕላስቲክ አካል ያላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ይሠራ ነበር። ደጋግሞ ከሰረና እ.ኤ.አ. በ2011 ጨርሶ ተዘጋ። ፋብሪካው ሞተ፣ የግብሩ ሕግ ግን ቆየ። ቴስላ፣ ኒሳን፣ በኋላም ቻይኖቹ ሲመጡ ገበያው ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖች ወደ 89 ከመቶው ኤሌክትሪክ ነበሩ።

ኖርዌይ ነዳጅ መኪናን በአዋጅ አላገደችም። በግብር ነው ያስወደደችው። ትልቁ ነገር ግን ሰላሳ ዓመት ሙሉ መንግሥት ሲለዋወጥ ሕጉ በመሠረቱ አለመለዋወጡ ነው። የዛሬ አምስት ዓመት ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ቻርጀር ይተክላል፣ ጋራዥ ይከፍታል። የእኛ ሀገር ነጋዴ ግን የሚቀጥለው ወር መመሪያ ምን ይዞ እንደሚመጣ አያውቅም።

ባለ ሚኒባሱ

ኦስሎ ወንድሜ አሪፍ ነው ያወራኸው ግን የእኔን ጉዳይ ማንም አያነሳም። እኔ በቀን ስንቴ እንደምመላለስ ታውቃለህ? ማደያ ሰልፍ ላይ ግማሽ ቀን ይሄዳል፣ ያ ቀን ባዶ ነው፣ ለባለቤቱ ግን ገቢ ማስገባት አለብኝ። ኤሌክትሪክ ሚኒባስ ቢሰጠኝ ነገ ነው የምወስደው። ግን በምን ልግዛው? ብድር ስትጠይቅ ቤት አሲዝ ይሉሃል። ቤት ቢኖረኝ ሚኒባስ እነዳለሁ?

ቦሌ ላይ ቆንጆ ቆንጆ ኤሌክትሪክ መኪና የሚነዳው ድሮም ነዳጅ ያልቸገረው ሰው ነው። ከቀረጥ ነፃ የሆነው ለሱ ነው። እኛ ነን ቀኑን ሙሉ ናፍጣ የምናጨስ፣ ለውጥ ከተፈለገ እኛ ጋ ነው መምጣት ያለበት።

የአምስት ኪሎ ተማሪ

ባለ ሚኒባሱ ያለው በትምህርት ቋንቋም ቢነገር ያው ነው። አንድ መኪና ኤሌክትሪክ ሲሆን የሚተርፈው ነዳጅ በሚሄደው ርቀት ልክ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ከጋራዥ የምትወጣ መኪናና ከንጋት እስከ ምሽት የምትመላለስ ሚኒባስ እኩል የቀረጥ ምህረት ሲያገኙ፣ ዶላሩን ለማዳን ነው ያልነው ፖሊሲ ዓላማውን ስቷል።

የ2014ቱን የገንዘብ ሚኒስቴር ውሳኔ ካየነው የኤሌክትሪክ መኪና ከቫት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ተደረገ። ጉምሩክ ላይ ሙሉ ሆኖ የሚመጣው 15 ከመቶ፣ በከፊል ተገጣጥሞ የሚመጣው 5 እንዲከፍል፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ የሚመጣው ምንም እንዳይከፍል ተወሰነ። እዚህ ላይ ብልህ ናቸው፣ እዚሁ ለሚገጣጥም ሰው መንገድ ሰጥተዋል። ሚኒባስና አውቶቡስ የሚገጣጥሙ ጀምረዋል። ግን ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ብሩ ከግማሽ በታች ሲወርድ የቀረጡ እፎይታ በዋጋ ተበላ።

ሌላ መናገር የምፈልገው ስለ ቻይና ነው። ይህ ሁሉ መኪና ዛሬ ርካሽ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ዋን ጋንግ የሚባል ሰው፣ ጀርመን ኦዲ ውስጥ የሠራ መሐንዲስ፣ ወደ ሀገሩ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2007 የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስትር ሆነ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ በቤንዚን ሞተር ጀርመንና ጃፓንን አንደርስባቸውም፣ ስለዚህ ሁሉም ከዜሮ የሚጀምርበት ሜዳ እንምረጥ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በየከተማው አውቶቡስና ታክሲ በድጎማ አስገቡ። ልብ በሉ፣ መጀመሪያ አውቶቡስና ታክሲ! ለግለሰብ ገዢ የሚሰጠውን የመንግሥት ድጎማ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ እስኪያቆሙት ድረስ እየቀነሱ ሄዱ። አሁን በቻይና ከሚሸጠው አዲስ መኪና ግማሽ ያህሉ ወይ ሙሉ ኤሌክትሪክ ነው ወይ ተሰክቶ የሚሞላ።

የሚያስቀው ደግሞ ይህ። ብዙዎቹ ርካሽ መኪኖች ውስጥ ያለው የብረት ፎስፌት ባትሪ መነሻው ቴክሳስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የፕሮፌሰር ጉዲናፍ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው የተገኘው። አሜሪካ ፈለሰፈችው፣ ቻይና ሠርታ ሸጠችው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ፖሊሲ ነው።

ዲሲ ታክሲ

@የአምስት ኪሎ ተማሪ እውነት ብለሃል ወንድሜ። እዚህ እኛ ጋ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ሕግ ኤሌክትሪክ መኪና ለሚገዛ እስከ 7,500 ዶላር የግብር ቅናሽ ነበር። ኡበር የምንነዳ ልጆች ብዙዎቻችን በዚያ ሰበብ ነው የቀየርነው። እ.ኤ.አ. በ2025 በአዲሱ አስተዳደር ጊዜ ቅናሹ ተሻረ፣ ሴፕቴምበር ማብቂያ ላይ ቆመ። የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ላይ ሰው ሻጮች ጋ ሲሯሯጥ ማየት ነበር። ኦስሎ ያለችውን ወይም ያለውን (ይቅርታ ጾታህን አላወቅኩም) ያረጋግጣል፣ ኖርዌይ ሰላሳ ዓመት ያቆየችውን እኛ ሦስት ዓመት አላቆየነውም።

ኦስሎ ነኝ

ወንድ ነኝ 😄

ጋራዥ

እናንተ ስለ ፖሊሲ ታወራላችሁ፣ እኔ ከስሩ ተኝቼ ነው የማየው።

መኪናው የሚመጣው ለቻይና ገበያ ተብሎ የተሠራው ነው። ስክሪኑ ቻይንኛ ነው። አፕልኬሽኑ የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። የቻርጅ መሰኪያው የቻይና ስታንዳርድ ነው፣ ጎረቤቱ የገዛው ደግሞ የአውሮፓ፣ ስለዚህ አንዱ ጣቢያ ላይ የሚሞላው ሌላው ጋ አዳፕተር ካልያዘ አይሞላም። እስቲ ማን ነው ይህን ቀድሞ አንድ ዓይነት ማድረግ የነበረበት? ነዳጅ ማደያ ላይ አፈሙዙ ጋኑ ውስጥ አልገባ ያለው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል?

ባለፈው አንዱ መጣ። ከፊት በኩል በትንሹ ተጋጭቷል፣ መብራትና መከላከያ። ስሟን የማልጠራት ሻጭ ድርጅት ዕቃው "በትዕዛዝ ይመጣል" ብላው ወራት ጠብቋል። መኪናው ይሄዳል፣ ባትሪው ጤነኛ ነው፣ ግን አንድ የፊት መብራት ስለሌለ ቆሟል። ቪትዝ ቢሆን መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄዶ ከሰዓት በፊት ይዞ ይመጣ ነበር። መርካቶ ላይ የተዘረጋው የቶዮታ ዕቃ የሃምሳ ዓመት ሥራ ነው፣ በአንድ መመሪያ አይተካም።

ባለሙያም ያው ነው። ብርቱካናማውን ገመድ ያየ ሁሉ እጁን ይሰበስባል፣ ልክም ነው፣ 400 ቮልት ያለበት ነው። የሚያውቁት ልጆች ከዩቲዩብ ነው የተማሩት። ትምህርት ቤቶቹ አሁንም ካርቡሬተር ያስተምራሉ ብል ማጋነን እንዳይሆንብኝ እንጂ።

ባቡሩን እዩት። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 2008 ሲጀምር 41 ባቡር ነበረው፣ መስመሩ በጠቅላላ 475 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። ከዓመታት በኋላ አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመዋል። ኤሌክትሪክ ነው፣ ንጹህ ነው፣ ቆሟል። የቆመ ባቡር ላይ ካርቦን የለም ብለን እንደሰት?

ባለ ሚኒባሱ

ጋራዥ አንደኛ 👏👏 ባቡሩ ሲቆም ሰልፉ እኛ ጋ ነው የመጣው

ከናታንያ

ልጆች፣ እኔ ከሁላችሁም በዕድሜ እበልጣለሁ መሰለኝ። እስቲ አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ መኪና አይደለም።

እዚህ እስራኤል በየጣራው ላይ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ አለ። ነጭ በርሜል፣ ከሥሩ ጥቁር ሰሌዳ። ዱድ ሸሜሽ ይሉታል። እኔ መጀመሪያ ስመጣ የውሃ ታንከር ብቻ መስሎኝ ነበር። ይህ ነገር የተስፋፋው ሀብታም ስለሆኑ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኃይል ሲያጥራቸው አንዳንድ ሰዎች በራሳቸው ሠርተው መሸጥ ጀመሩ፣ ብዙም አልተስፋፋም። ከነዳጁ ቀውስ በኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ1980 መንግሥት ሕግ አወጣ። አዲስ የሚሠራ መኖሪያ ቤት ሁሉ የፀሐይ ማሞቂያ ይኑረው፣ አለቀ። ድጎማ አልሰጠም፣ ሥራውን ለሠሪው ተወለት። ዛሬ ከአስር ቤት ስምንት ዘጠኙ አለው። ቧንቧ ሠሪው ሁሉ መጠገን ያውቃል፣ ዕቃው በየሱቁ ነው።

ከመኪናው እገዳ ጋር ልዩነቱ ይታያችሁ። ሕጉ ሲወጣ ዕቃው ቀድሞ ነበር፣ ሠሪውም ጠጋኙም ነበር። ሕጉ ያደረገው ሁሉም እንዲገዛ ማድረግ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ያን ያህል ፀሐይ እያላት ኮንዶሚኒየሙ ሁሉ ውሃ የሚያሞቀው በመብራት ነው፣ ያችኑ የተጨናነቀች መስመር እየሳበ።

ትራንስፎርመር

እማማ (እንደዚህ ልበልዎት ካልተቀየሙኝ)፣ ይህ ከመኪናው በላይ ያስኬዳል። ቦይለር 2 ኪሎ ዋት አካባቢ ነው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሕንፃው ሁሉ ባንዴ ያበራዋል። ግማሹ እንኳ ወደ ፀሐይ ቢሄድ መስመሩ ይተነፍሳል። በግንባታ ደንብ ውስጥ አንድ አንቀጽ ነው የሚፈልገው።

ከናታንያ

አልቀየምም ልጄ፣ የልጅ ልጆች አሉኝ።

እንጀራ ሻጯ

ወንዶቹ ሁሉ ስለ መኪና ነው የምታወሩት፣ እማማ ብቻ ናቸው ወደ ቤት የገቡት። የኢትዮጵያ ኃይል ወዴት ነው የሚሄደው ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ማጀት ነው። ከአስር ቤተሰብ ዘጠኙ የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበት ነው። ደኑ የሚያልቀው እዚያ ነው፣ የሴቱ ሳንባ የሚቃጠለው እዚያ ነው።

እኔ እንጀራ ጋግሬ ለሆቴልና ለሱቅ አቀርባለሁ። ምጣዶቼ ኤሌክትሪክ ናቸው። የምጋግረው ሌሊት ነው፣ ለምን? ቀንና ማታ ኃይሉ ስለሚወርድ። ኃይል ሲወርድ ምጣዱ አይግልም፣ ሊጡ ሲፈስበት ዓይን አያወጣም፣ ከሥር ይለጠፋል፣ ያ እንጀራ አይሸጥም። ጨርሶ ቢጠፋ ይሻላል፣ ቢያንስ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ጓሮ ያስቀመጥኩት የማገዶ ምጣድ አለ፣ እሱ አይቀርም። ትዕዛዝ ተቀብለሽ "መብራት ጠፋ" ብትይ ደንበኛው ነገ ሌላ ጋ ነው። ይኸው የእኔ ጄኔሬተር ባህር ዛፍ ነው።

ፈጠራ ስትሉ ደግሞ እኛ ሀገር የተሠራ ነገር አለ። ምርጥ ምድጃ፣ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚቀረጸው፣ ምጣዱን ዙሪያውን የሚከልለው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል እንጨት ይቆጥባል። ላቀች የከሰል ምድጃም እንዲሁ። ሁለቱም ከሠላሳ ዓመት በፊት የወጡ ናቸው፣ ማንም ሪባን ሳይቆርጥላቸው በየገበያው ገቡ። ከዚያ በኋላ ምጣድ ላይ ምን ተሠራ? የኤሌክትሪክ ምጣዱ ያው 3 ኪሎ ዋት ተኩል አካባቢ የሚበላው፣ ከሥሩ ሙቀቱ የሚያመልጠው ነው። አንድ ሚሊዮን ምጣድ ከሥሩ ቢታሸግ የሚተርፈውን ተማሪው ያስላው። ኤሌክትሪክ መኪና ይህን ያህል ምህረት ሲያገኝ ጥሩ ምጣድ ለሚሠራ ሰው ምን ተደረገለት?

የአምስት ኪሎ ተማሪ

እህቴ፣ ይህ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ነው፣ ፍቃድሽ ከሆነ እወስደዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርበት። ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2025 ለሁሉም መብራት ይደርሳል ብሎ ነበር፣ 65 ከመቶው በዋናው መስመር፣ 35 ከመቶው ከመስመር ውጪ በሶላር። አልደረሰም፣ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ገና ነው። ግን በወረቀት ቢደርስም እንኳ በጣራ ላይ ያለች ትንሽ ሶላር አምፖልና ስልክ ነው የምትችለው፣ ምጣድን አትነካም። "መብራት ገባ" ማለትና "ማገዶ ቀረ" ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ሪፖርት ላይ ግን አንድ ይሆናሉ።

ቦንድ ገዢ

እኔ ልጠይቅ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ግድቡ ሲጀመር ጀምሮ ከደመወዜ ተቆርጧል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ አለቀስኩ፣ አልደብቅም። 5,150 ሜጋ ዋት! ግን መብራቱ ለኬንያ፣ ለጂቡቲና ለሱዳን ይሸጣል፣ ለቢትኮይን (የኢንተርኔት ገንዘብ) ማምረቻ ማሽን ይሸጣል፣ እኔ ቤት ደግሞ በሻማ ነኝ። ይህን ማን ያስረዳኛል?

ትራንስፎርመር

ልሞክር። ንዴትህ ልክ ነው፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው።

ለኬንያ የተዘረጋው ከወላይታ ሶዶ እስከ ሱስዋ 1,045 ኪሎ ሜትር የሆነ ትልቅ መስመር ነው፣ በብድር የተሠራ። ኃይሉ ከማመንጫ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ሰፈር ውስጥ አይገባም። ቢትኮይኖቹም እንደዚያው፣ ትልቁ ሰብስቴሽን (የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ) አጠገብ ኮንቴይነራቸውን ይደረድራሉ፣ እዚያው በከፍተኛ ቮልቴጅ ይገዛሉ፣ በዶላር ይከፍላሉ። ለአዲሶች ፈቃድ መስጠት አሁን ቆሟል። እነሱ ባይገዙት ያ ኃይል አንተ ቤት አይመጣም ነበር፣ ምክንያቱም ከሰብስቴሽኑ ወደ አንተ የሚያመጣው ሽቦ ነው ችግሩ። ዶላሩ ለሽቦ ዋለ ወይ ብለህ ብትጠይቅ ግን ደህና ጥያቄ ነው።

ሌላ ማንም መስማት የማይወደው ነገር አለ። ታሪፉ ለዓመታት እጅግ ርካሽ ነበር። ርካሽ ሆኖ የቆየ አገልግሎት ትራንስፎርመር መቀየሪያ የለውም። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተወስኗል፣ ትንሽ ለሚጠቀም ድጎማው እንዳለ ሆኖ። ሰው ተቆጥቷል። እኔ የሚቆጨኝ መጨመሩ ሳይሆን፣ የተጨመረው ብር የትኛውን ሰፈር መስመር እንዳደሰ የሚለጥፍ አለመኖሩ ነው።

ቦንድ ገዢ

ይህን መጀመሪያ የነገረኝ ሰው አንተ ነህ፣ አመሰግናለሁ። ሻማው ግን ሻማ ነው።

አወያይ

ወደ ብሔርና ፖለቲካ የገቡ ሁለት አስተያየቶች ተነስተዋል። ርዕሱ ኃይል ነው፣ የቤቱን ደንብ አክብሩ።

ናይሮቢ ያለሁ

ሁላችሁም ውሃ ውሃ ትላላችሁ። ውሃ ላይ ብቻ መንጠልጠል ያስፈራኛል። በ2001 ዝናብ ሲጠፋ አዲስ አበባ በፈረቃ መብራት ስታገኝ ትዝ የሚላችሁ የላችሁም? ያኔ መኪና አልነበረም የሚሰካው። አሁን ድርቅ ቢመጣ ቤቱ ብቻ ሳይሆን መንገዱም ይቆማል።

ኬንያ የመረጠችው የምድር እንፋሎት ነው። ኦልካሪያ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያመነጫል፣ ዛሬ ከመብራታቸው ወደ ግማሽ የሚጠጋው ከዚያ ነው። ሚስጥሩ ቴክኖሎጂ አይደለም። ጉድጓድ ስትቆፍር ባዶ ሊወጣ ይችላል፣ አንዱ ጉድጓድ ሚሊዮኖች ዶላር ነው፣ የግል ባለሀብት ያንን አይደፍርም። መንግሥት ራሱ የሚቆፍር ድርጅት አቋቁሞ ኪሳራውን ተሸከመ፣ እንፋሎቱ ሲገኝ ባለሀብት ጋበዘ። እኛ ስምጥ ሸለቆውን ከነሱ ጋር ተካፍለናል፣ አሉቶ ላንጋኖ ላይ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተተከለችው 7 ሜጋ ዋት ገደማ የሆነች የሙከራ ጣቢያ ግን ብዙም ሳትቆይ ተበላሽታ ለዓመታት ቆማለች።

ትራንስፎርመር

ትክክል። ነፋሱም አለ፣ አዳማና አሸጎዳ። በበጋ ግድቡ ሲጎድል ነፋሱ ይበረታል፣ አንዱ ለአንዱ ይሞላል። አሁንም ግን ከ90 ከመቶ በላይ ከውሃ ነው።

ባለ ቪትዝ

ጎበዝ፣ ከጠበቅኩት በላይ ሆነ። እኔ የተረዳሁት እገዳው ሥራ ሠርቷል፣ መኪናው ገብቷል። ሥራው የቀረው መኪናው ከሚቆምበት ግቢ ጀምሮ ነው። ባለ ሚኒባሱ ብድር ይፈልጋል፣ ጋራዥ መለዋወጫና ትምህርት፣ እንጀራ ሻጯ የማይወርድ ኃይል። ይህ ሁሉ በእገዳ አይመጣም። በሌላ በኩል እገዳው ባይኖር ይህን ሁሉ ጥያቄ ዛሬ ማንም አያነሳውም ነበር፣ እዚህ ላይ ለመንግሥት ነጥብ እሰጣለሁ፣ ስደቡኝ።

አሁን የግል ጉዳዬ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሁለተኛ ፎቅ። ቤቱ የራሱ ቆጣሪ አለው፣ መኪና ማቆሚያው ግን የጋራ ነው። @ትራንስፎርመር ምን ትመክረኛለህ? ልግዛ?

ጋራዥ

ግዛ፣ ግን ሰፈርህ ውስጥ ብዙ ሰው የያዘውን ሞዴል ግዛ። ብርቅ የሆነ መኪና አትግዛ። ዕቃ የሚመጣው ብዙ ሰው ለያዘው ነው።

ትራንስፎርመር

ከመግዛትህ በፊት ከኮሚቴው ጋር ተነጋገር፣ ከራስህ ቆጣሪ መስመር ወደ ማቆሚያው እንድታወርድ በጽሑፍ ይፍቀዱልህ። ከጋራ ቆጣሪ እንዳትስብ፣ ጠብ ነው። 7 ኪሎ ዋቱን ቻርጀር ተወው፣ በመጀመሪያ መኪናው ይዞት በሚመጣው ትንሹ ቻርጀር ጀምር፣ 2 ኪሎ ዋት ገደማ ነው፣ ሌሊቱን ቢያድር ለከተማ መንገድ ይበቃሃል። ገመዱ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ርቀቱ ከረዘመ 10። ለብቻው ብሬከር ይኑረው። አርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው የመከላከያ ሽቦ) መኖሩን በመሣሪያ አስለካ፣ ብዙ ሕንፃ ላይ በሥዕሉ እንጂ በመሬቱ የለም። ሰዓቱን ደግሞ በመኪናው ስክሪን ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ እንዲጀምር አድርገው።

ባለ ቪትዝ

ስክሪኑ ቻይንኛ ከሆነስ?

ጋራዥ

ይዘኸው ና።